ቀድሞ ያውቅ ነበር

ፍርያት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ታክሲ የምትመርጠው በሚሄድበት ሰፈር ብቻ አይደለም። ሳሪስ አደባባይ ላይ ረዳቷ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ «ስታዲየም! ስታዲየም! እስከ አምስት መቶ ሰማንያ ያየ! ሁለት ሰው የቀረው!» ትላለች። አምስት መቶ ሰማንያኛውን ክፍል ያላየ ሰው የፈለገ ቢረፍድበት አይሳፈርም። አንዳንዱ ደፋር ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ይገባና፣ የሰው ከንፈር ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ይሄዳል። ከኋላ የሚከተለው ታክሲ «ያልጀመረ! ገና ያልጀመረ ብቻ!» እያለ ይመጣል። እሱ ሁልጊዜ ባዶውን ነው። በ2084 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ «የጋላፊ መንገድ»ን ያልጀመረ ሰው ከየት ይገኛል?

«የጋላፊ መንገድ» በርታ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ጭነት ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ ድንበር ሲጓዝ የሚያሳይ ተከታታይ ፊልም ነው። ሰውዬው ከተነሳ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አሁን ገዋኔ ደርሷል። በየአርቡ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ክፍል ይወጣል፤ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ስድስት መቶኛው ክፍል የመጨረሻው እንደሆነ ከታወቀ ወዲህ ከተማው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ በርታ ጋላፊ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? መጠየቅ አልተከለከለም። የሚያስቀጣው መመለስ ነው።

ቁርስ ቤቶች ጠረጴዛቸውን በክፍል ከፋፍለው ቁጥር ለጥፈውበታል። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን በአንድ ክፍል ከቀደመ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ አስተናጋጇ «ባልሽ ጨው አቀብይኝ ብሏል» እያለች ታመላልሳለች። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው ፊልሙ ሲያልቅ በቀጥታ አይወጣም። «የፊት ማሳረፊያ» የሚባል ረጅም ክፍል አለ፤ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ሃያ ደቂቃ ተቀምጦ ፊቱ እስኪበርድ ይጠብቃል። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አንድ በአንድ እያየ ነው የሚያሳልፈው። «አንቺ እለፊ። አንተ ቅንድብህ ገና ነው፣ ተመለስና ቁጭ በል።» በየቤቱና በየታክሲው ጣሪያ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት አለች፤ ፍጻሜ የተነገረ እንደሆነ ትቀላለች። በዚህ ሁሉ የሚገረም ሰው የለም። የሚገርማቸው የድሮ ሰዎች «ስፖይል አደረግኸኝ» ተባብለው፣ ተሳስቀው፣ ዝም ይሉ ነበር ሲባል ነው።

ፍርያት የፍጻሜ ጥበቃ ቢሮ ገምጋሚ ናት። ሦስተኛው መስኮት ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። «ፊልም ተነገረብኝ» ብሎ የመጣውን ሰው ትሰማና፣ የተባለው ነገር ፍጻሜ መንገር ነው ወይስ አይደለም ብላ ትቆርጣለች። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። «ይሞታል» ያለ ሰው በአፉ ነግሯል፤ አንደኛ ደረጃ ነው፣ አያከራክርም። «እሱን ብዙ አትውደጂው» ያለስ? ይሞታል አላለም፤ ግን ገድሎታል። ሁለተኛ ደረጃ። የሰውዬው ስም ሲነሳ በረጅሙ የተነፈሰስ? ይህ በፊት መንገር ይባላል፣ ሦስተኛ ደረጃ ነው። አራተኛው በአድራጎት መንገር ነው፤ ሰውዬው ምንም ሳይል፣ ፊቱም ሳይለወጥ፣ የሚያደርገው ነገር ይናገርበታል። እሱን ማስረዳት ከባድ ነው። ፍርያት በዚህ ያስቀጣችው ሰው በሥራ ዘመኗ ሁሉ ከሁለት አይበልጥም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጎረምሳ እማማ ሶሊያናን ከሶ መጣ። እማማ ሶሊያና ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ልጁ ወደ ሲኒማ ሲወጣ በራቸው ላይ ቆመው «ልጄ፣ መጨረሻውን ያሳምርልህ» ብለው መርቀውታል። ፊልሙን ደግሞ ቀድመው አይተውታል። 

«መጨረሻው እንደሚያምር ነገሩኝ» አለ ልጁ። 

እማማ ሶሊያና ነጠላቸውን መለስ አድርገው «ታዲያ ምን ልበለው? መጨረሻህን ያበላሸው ልበለው?» አሉ። 

ፍርያት ሁለት ቀን አሰበችበትና ምርቃት ምኞት እንጂ ወሬ አይደለም ብላ በነጻ አሰናበተቻቸው። ግርጌው ላይ ግን ጻፈችበት፤ ፊልሙን ያየ ሰው፣ ሊያይ የሚሄደውን ሰው «እግዜር ያጽናህ» ያለ እንደሆነ ሁለተኛ ደረጃ ነው። ይህ የግርጌ ማስታወሻ ዛሬ ለአዳዲስ ገምጋሚዎች ሥልጠና ይሰጥበታል።

ከሁሉም ስሟን ያስጠራት ግን የግምቱ ውሳኔ ነው። አንዲት ጸጉር ሠሪ ደንበኛዋ «ልጅቷ ሰውዬውን ጥላው ትሄዳለች አይደል?» ስትላት «እንዴት ገመትሽ!» የሚል ቃል አመለጣት። «ራሷ ገመተች፤ እኔ ምን አልኩ?» ብላ ተከራከረች። ፍርያት አልተቀበለቻትም። «ግምት የገማቹ ነው፤ ሲያሻው ይይዘዋል፣ ሲያሻው ይጥለዋል። ያረጋገጠለት ሰው ግን የመጣሉን መብት ነጠቀው» ብላ በአንደኛ ደረጃ ፈረደችባት። ጸጉር ሠሪዋ ለሁለት ዓመት የአፍ እግድ ተጣለባት። የአፍ እግድ ማለት ሠርግ የለ፣ ዕድር የለ፣ ታክሲ የለ፣ በአደባባይ ከሰው ጋር መነጋገር የለ። ለገምጋሚ ሲሆን ደግሞ አምስት ዓመት ነው፤ ከሥራም መሰናበት አለበት።

መውጫው አንድ ብቻ ነው፤ ቅጽ ዘጠኝ። ተነገረበት የተባለው ሰው «ቀድሜ አውቅ ነበር» ብሎ እስከ ማግስቱ ጠዋት ከፈረመ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ የሚያውቁትን ነገር መንገር መንገር አይደለምና። ገምጋሚ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ከማን አወቅህ? መቼ አወቅህ? እርግጠኛ ነበርክ ወይ? ብዙ ሰው ሦስተኛው ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ የፈሰሰውን ለማወቅ ከማሰሮው ውስጥ ምን እንደነበር ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ገምጋሚዎች ፊልሞቹ ሳይወጡ የታሸገውን መጨረሻ አንብበው ይምላሉ። የበርታን መጨረሻ በአገሩ ከሚያውቁት አስራ ሁለት ሰዎች አንዷ ፍርያት ናት። ቢሮ ውስጥ «ፍርያት ግድግዳዋ» ይሏታል፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ባሏ የተለያት በዚሁ ነው። «አጠገብሽ ተቀምጬ ፊልም ሳይ፣ የማየው ፊልሙን ይሁን አንቺን ግራ ገባኝ» ብሎ ሄደ። እናቷ የሞት አልጋ ላይ ሆነው የአንድ ፊልም መጨረሻ ለምነዋት ነበር፤ ለእሳቸውም አልነገረቻቸውም። ያን ጊዜ በራሷ ኮርታ ነበር። አሁን አሁን ስታስታውሰው ይከነክናታል።

ከስምንት ዓመት በፊት አራተኛው ማሻሻያ ወጣና ሕጉ የሰውን የራሱን ፍጻሜም ጨመረ። ሐኪም ለታማሚው ስንት ጊዜ እንደቀረው አይነግርም፤ ለቤተሰብ ብቻ ይነግራል፤ ቤተሰብም አይናገርም። ሌሎቹ ማሻሻያዎች ሲወጡ አገር ተንጫጭቶ ነበር። በዚህኛው ግን አንድም ሰው ቅር አላለውም። ቀድሞስ ምን ስናደርግ ኖረን? ሕጉ ያመጣው አዲስ ነገር ቢኖር ቅጹ ነው።

ጋሽ ኪሩቤል የፍርያት ታላቅ ወንድም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የጂቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ነድቷል፤ መኪኖች ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ የሚነዳው «የጋላፊ መንገድ»ን ነው። አንድ አርብ አምልጦት አያውቅም። በርታ ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀይር «ኧረ በሁለት! በሁለት ውጣ አንተ!» እያለ ይጮኻል። ጎረቤቱ አንድ ቀን ስለ ቀጣዩ ክፍል ዓይኑን ጠቀስ ቢያደርግበት ዓመት ሙሉ ዘግቶታል።

በጥቅምት ጉበቱ ታመመና ከቃሊቲ መንገድ ዳር ያለ ሆስፒታል አራተኛ ፎቅ ላይ ተኛ። በመስኮቱ ሾፌር አልባ መኪኖች ሲያልፉ ያያል፤ ይታዘባቸዋል። ዶክተር ጎበዜ ፍርያትንና የኪሩቤልን ሚስት ዕድላዊትን ለብቻ አስጠራቸው። ስሙ የሽማግሌ ይምሰል እንጂ ዶክተሩ ገና ሠላሳ ያልሞላው ነው፤ እሱ በተወለደበት ጊዜ ወላጆች የቅድመ አያት ስም ማውጣት ጀምረው ነበር።

«ሁለት ወር ከሞላ ብዙ ነው» አላቸው። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ከመግባታችሁ በፊት ሃያ ደቂቃ ፊታችሁን አሳርፉ።»

ዕድላዊት የሆስፒታሉ ፊት ማሳረፊያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ የፍርያትን ክንድ ያዘች። «ፍርያትዬ፣ በእናትሽ፣ እንዳይሰማ። የሚሞትበትን ቀን እየቆጠረ አይሙትብኝ።»

ፍርያት ራሷን በእሽታ ነቀነቀች። በልቧ ግን ሌላ ነገር ስትቆጥር ነበር። ሁለት ወር ማለት ስምንት አርብ ነው። ለፊልሙ የቀረው አስራ ሁለት አርብ ነው። ወንድሟ አስራ አንድ ዓመት የጠበቀው መኪና የት እንደሚደርስ ሳያይ ሊሄድ ነው። የበሩ ጥበቃ ግን ፊቷን አይቶ ወዲያው አሳለፋት።

መጠየቅ የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው።

«ፊሪ» አላት ትራሱን ደገፍ ብሎ፣ «በርታ ጋላፊ ይደርሳል?»

«ጋሼ፣ ሥራዬን እያወቅህ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

በማግስቱም እንዲያው ጠየቃት። በሦስተኛውም ቀን። ዓይን ጠቀስኸኝ ብሎ ጎረቤቱን የዘጋ ሰው መጨረሻ ሲለምን ማየት ጤና አልሰጣትም። መድኃኒቱ ይሆናል አለች፤ ሕመሙ ይሆናል አለች። እሷ የምትችለውን ሁሉ አደረገች። ለስላሳ ትራስ አመጣች። ሁልጊዜ የሚወደውን ወፍራም የማንጎ ጭማቂ ከታች ካለው ጭማቂ ቤት እየገዛች አመላለሰች። እንደ ሕፃን ልጅ በማንኪያ ሲጠርገው ስታይ ደስ ይላት ነበር።

ጥያቄውን ግን እንደ መዝገብ ይዛ ቤቷ ገባች። ወጥ እየሠራች ታስበዋለች፤ ታክሲ ውስጥ ታስበዋለች። በርታ እንደማይደርስ ቢነገረው የሚጎዳው ማን ነው? የመጨረሻውን ክፍል የማያይ ሰው ምኑ ይበላሽበታል? እዚህ ላይ ስትደርስ የገምጋሚነት ጭንቅላቷ ይነቃል። ለኪሩቤል የበርታን መጨረሻ መንገር የኪሩቤልን መጨረሻ መንገር ነው። «ለምን ነገረችኝ?» ካለ፣ መልሱ አንድ ብቻ ነው። አራተኛ ደረጃ፣ በአድራጎት፣ በማሻሻያ አራት የተሸፈነ። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ መስኮቷ ላይ ቢቀርብ ኖሮ ሻይዋን ሳትጨርስ ትፈርድበት ነበር።

ሦስተኛው አርብ መጣ። ዕድላዊት ልብስ ልታመጣ ቤት ሄዳለች። ሁለቱ ብቻቸውን አምስት መቶ ዘጠና አንደኛውን ክፍል አዩ። ኪሩቤል በርታ ላይ አልጮኸም። መሃል ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነቃና ፊልም ማሳያውን ጥቁር ሰሌዳ ሲያየው ቆየ። አንጓው ላይ ያለው የሆስፒታል ማሰሪያ ሰፍቶት እስከ ክርኑ ወርዷል።

«አመለጠኝ እኮ» አለ።

ፍርያት ከዚህ በላይ አልቻለችም። ተነስታ በሩን ዘጋች። ሰበብ አዘጋጅታለች፤ ሦስት ቀን የለፋችበት ሰበብ ነው። እሱ ሾፌር ነው እንጂ ገምጋሚ አይደለም፣ አይጠረጥርም ብላለች። አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ሰበብ ስትፈለፍል የኖረች ሴት፣ የራሷ ሰበብ እንደሚያልፍላት እርግጠኛ ነበረች።

«ጋሼ፣ ቢሮው አዲስ መመሪያ አውጥቷል» አለች። «ለገምጋሚ የቅርብ ቤተሰብ መንገር ተፈቅዷል።»

«እንዴ! ጥሩ መመሪያ ነው።»

«ማንም እንዳይሰማ ግን።»

«ማን ይሰማል? ንገሪኛ።»

«በርታ ጋላፊ አይደርስም።»

«ሚሌ ላይ ያቆማል» አለ ኪሩቤል።

ጣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቀላች።

ፍርያት መብራቷንም ወንድሟንም አየች። የታሸገው ወረቀት ላይ የነበረው ቃል በቃል ይኸው ነው። በርታ ሚሌ ላይ መኪናውን ጥላ ፈልጎ ያቆማል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጭነቱን ሌላ ሾፌር ያደርሰዋል።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ክፍል ሦስት ላይ ሞጆን ሳያልፍ ጎማው ፈነዳና ስኮርታውን ቀየረ። ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስኮርታ ሲጭን አላየሁም። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ እያየሁት ነው፤ ማስቀመጫው ባዶ ነው። ሚሌን አልፎ ያለ ስኮርታ የሚሄድ ሾፌር የለም። እብድም ቢሆን አይሄድም። የጻፈው ሰው ወይ ሾፌር ነው፣ ወይ ሾፌር ያሳደገው ነው።»

«ታዲያ ካወቅህ ለምን ታስጨንቀኛለህ!» አለች፤ ድምጿ ከፍ አለ።

«ገመትኩ እንጂ አላወቅሁም። ግምት የገማቹ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?» ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታውን ሰበሰበና እጇን ያዘ። «ደግሞ እኔ የጠየቅሁሽ ስለ በርታ አልነበረም፣ ፊሪ። አንቺ ለባልሽ ያልነገርሽ ሴት ነሽ። እማዬ ለምናሽ ዝም ያልሻት ሴት ነሽ። ለእኔ ከነገርሽኝ፣ ወራጅ አለ ማለት ነው ብዬ ነው።»

ግድግዳዋ ተደረመሰች። ፍርያት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች፤ ሃያ ደቂቃም አርባ ደቂቃም የሚያሳርፈው ፊት አልነበረም። ኪሩቤል ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ «በቃ፣ በቃ» ይላል፤ የታመመው እሱ፣ የሚያባብለው እሱ። ቀና ስትል መብራቷ አሁንም ቀይ ነበረች።

«ይቺ ነገር አንቺን ምን ታደርግሻለች?» አላት።

«ምንም።»

«ፊሪ።»

«አምስት ዓመት። ከሥራም ያሰናብቱኛል።»

«አምስት ዓመት ሰው እንዳታናግሪ? አንቺ ያለ ወሬ አምስት ቀን አትቆዪም! ያ ቅጽ የታለ? ሁልጊዜ በቦርሳሽ ይዘሽ አይደል የምትዞሪው?»

«ጋሼ፣ አይሆንም። ገምተህ ነበር እንጂ አታውቅም ነበር። እኔ አረጋገጥኩልህ። ይሄ አንደኛ ደረጃ ነው፤ እኔው ራሴ የፈረድኩት ነው።» የጸጉር ሠሪዋ ፊት መጣባት። «ደግሞ ገምጋሚ መጠየቅ አለበት።»

«አንቺ ምንድን ነሽ?»

ቅጹን አውጥታ አነበበችው። «ገምጋሚ» ይላል እንጂ «ሌላ ገምጋሚ» አይልም። ይህን ጉድለት በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ልብ ብላው አታውቅም ነበር። አፍንጫዋን ጠረገችና እስክሪብቶ አነሳች፤ ድምጿን የመስኮቱን ድምፅ አደረገችው።

«ከማን አወቅህ?»

«ከስኮርታው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ክፍል ሦስት ላይ።»

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እጇ ቆመ። እርግጠኛ ነበርክ ወይ? ስንቱን ሰው እዚህ ላይ አፍጥጣ ጥላዋለች። ኪሩቤል ግን አላስጠየቃትም፤ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ «ቀድሞ ያውቅ ነበር» የሚለው ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ። የሚዋሽላት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ፍርያት አጠገቡ ፈረመች። መብራቷ ጠፋች።

ከታች መኪኖቹ ያለ ሾፌር ያልፋሉ።

«ሌላውንስ?» አለች ቀስ ብላ። ይህ ቅጹ ላይ የለም። «ሌላውን ከማን ገመትክ?»

«ካንቺ።»

«ከኔ? እኔ እኮ ፊቴን...»

«ፊትሽማ ግድግዳ ነው፣ ማን አየው! ማንጎ ያመጣሽልኝ ቀን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስኳር በሽታህ እያልሽ ሻይዬን ያለ ስኳር ያጠጣሽኝ ሴት፣ በሠርጌ ዕለት እንኳ ኬክ ከእጄ የቀማሽኝ ሴት፣ ድንገት ወፍራም ማንጎ ይዘሽ ከች አልሽ። ጠጣ፣ ልድገምህ ወይ አልሽኝ። ያኔ በቃ፣ ወንድሜ ኪሩቤል፣ ሻንጣህን ሸክፍ አልኩ።» ሳቀ፤ ሲስቅ ጎኑን ያዘው። «ዕድላዊትም ካልሲዬን የትም ብጥል ዝም ካለችኝ ወር ሊሞላኝ ነው። ሰው እንዴት በዚህ ይጨክናል?»

ፍርያት እያለቀሰች ሳቀች። በአድራጎት መንገር ምን እንደሆነ ለአገሩ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ስታመላልሰው ግን አላወቀችም።

«ለዕድላዊት እንዳወቅሁ እንዳትነግሪያት» አላት ኪሩቤል። «ደብቄዋለሁ ብላ ነው የቆመችው። እሷ ላይ መጨረሻውን አታበላሺባት።»

በሚቀጥለው አርብ ሦስቱም ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዕድላዊት ፔርሙሱን ይዛ ሻይ ልትቀዳ ወጣች። ኪሩቤል ፊቱን ወደ ሰሌዳው እንዳደረገ ነው የተናገረው።

«ሚሌ እስኪደርስ ዘጠኝ አርብ አለ» አለ። «ስንቱን አብረን እናያለን?»

ፍርያት ጣሪያውን አየች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰዎች በዚህ ድምፅ ሲጠይቋት «መልስ መስጠት አልችልም» የምትልበት ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ቦርሳዋ ውስጥ የቀራት ቅጽ ዘጠኝ አንድ ነው። ወንድሟን አየችው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ከመነሳቱ በፊት ኪሎ ሜትሩን፣ ነዳጁንና ጎማውን ሳያውቅ ቁልፍ አዙሮ የማያውቅ ሰው ነው።

«አራት» አለች። «ምናልባት ሦስት።»

መብራቷ ቀላች። ኪሩቤል ራሱን ነቀነቀ፤ በልቡ የሆነ ነገር የሚያሰላ ይመስል ነበር። ከዚያ ትራሱን አስተካክሎ ቀና አለ።

በሩ ተከፈተ። ዕድላዊት ሻዩን ቀድታ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምራ፣ እያማሰለች ገባች። ማንኪያዋ መሃል ላይ ቆመ። ጣሪያውን አየች፣ ፍርያትን አየች፣ ባሏን አየች።

«ይሄ መብራት ለምን ቀላ?»

ሰሌዳው ላይ የበርታ መኪና ከገዋኔ ሲወጣ ከኋላ ይታያል። የስኮርታው ማስቀመጫ ባዶ ነው፤ ፍርያት ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው።

«እኔ እንጃ» አለ ኪሩቤል፣ እጁን ወደ ሻዩ እየዘረጋ። «ምንም አልነገረችኝም። ነይ ቁጭ በይ፣ ጀመረ።»